ያልታረመ ፊደል

የጥናት መጽሔቱ አዘጋጅ ለገሠ ጀጎል ውስጥ ካለው ቢሮው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ። «ሲወርድ አልነበረም፤ ፊቱ ወደ ቢሮው ነበር። ከላይ የገፋው አለ» አለች ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ለራሷ።

ላይ ሦስት ሰዎች ተኮራርፈው ቆመዋል። ለገሠን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወድቆ ያገኘችው ሳፊያ የሶፊ ወረዳን ጫት አምራቾች ሦስት ዓመት ያጠናች ተማሪ ናት፤ ጽሑፏ ካልታተመ አትመረቅም። ዶክተር ዘውዴ አማካሪዋ፣ ኢብራሂም የኮምፒውተር ባለሙያው ነው።

«ደረጃው ያዳልጣል፤ ምን ይመረመራል?» አለ ዘውዴ።

«እርስዎ መቼ መጡ?»

«እሷ ስትደውልልኝ። ከዚያ በፊት ዛሬ የጀጎልን በር አልረገጥኩም።»

«እኔ እኩለ ቀን ዙሁር ሰላት ላይ ነበርኩ፤ መስጊድ ሙሉ ሰው ይመስክር» አለ ኢብራሂም።

ሳፊያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዶክተር ጥናቴን በስማቸው ወደ ውጭ መጽሔት ልከውታል። ትናንት ለጋሽ ለገሠ ነገርኩት።»

«ውሸታም!» አለ ዘውዴ። «በነፃ ሶፍትዌር የሚሠራ፣ በነፃ የሚነበብ መጽሔት፤ ርካሽ ነገር ርካሽ ሰው ይሰበስባል።»

«ርካሹ ሶፍትዌር ማን ምን እንደነካ በሰዓቱ ይመዘግባል፣ ዶክተር» አለ ኢብራሂም።

ጥሩወርቅ ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ዙሪያ ሰበሰበች። የሳፊያን ጽሑፍ ውድቅ ያደረገው ማንም የማያውቀው «ዶክተር ዮሴፍ» ነው፤ ራሱን በገምጋሚነት ያስመዘገበ። አስተያየቱን አነበበች፦ «ጸሐፊው ማስረጃ የለውም፤ ብመክራትም አልሰማም።»

«ለገሠ የጸሐፊዋን ስም ሰርዞ ነው ለገምጋሚ የላከው» አለች። «ታዲያ ‹ብመክራትም› ከየት መጣ? መጀመሪያ ‹ጸሐፊዋ፣ የላትም፣ አልሰማችም› ይል ነበር ማለት ነው። ይህን ያየው ለገሠ፣ ገምጋሚው ጸሐፊዋ ሴት መሆኗን እንደሚያውቅ ገባው። መቼ ታረመ፣ ኢብራሂም?»

«ዛሬ፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ። ከጠዋት ጀምሮ የኢንተርኔት መስመር የለም፤ ሊታረም የሚችለው ከዚህ ወንበር ብቻ ነው።»

«ሳፊያ ብታርመው ኖሮ ‹ውድቅ› የሚለውን ነበር የምታጠፋው። ኢብራሂም ሰላት ላይ ነበር። እሷን የሚመክራት ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ እርስዎ። ‹ዶክተር ዮሴፍ› ሆነው ጽሑፏን ውድቅ ያደረጉት የሰረቁት እንዳይታወቅ ነው። ለገሠ ጠርቶ ጠየቀዎት፤ ገፈተሩት። ከዚያ ተቀምጠው ሴቷን ወንድ አደረጉ። ቸኩለው ‹ብመክራትም› የምትለዋን ዘለሏት።»

ዘውዴ ወደ ሳፊያ ዞረ። «ያለ እኔ ፊርማ አትመረቂም!»

ሦስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ኖራለች።

«ፊርማህን ያዘው» አለችው። «ስደርስ ጋሽ ለገሠ ገና ይተነፍስ ነበር። አንተ እዚህ ተቀምጠህ ፊደል ስትለቅም፣ እሱ እታች ያቃስት ነበር።»