ከማሳ ቁጥሩ ኋላ የተጻፈው

ባድሩ የሞተው ሐይቅ ዳር ባለው የመስኖ ፓምፕ ቤት፣ የሞተሩን ሽቦ እንደያዘ ነው። ሽቦውን ከመንካቱ በፊት በስልኩ የጥገና እገዳ ጥሎ ነበር፤ እገዳው ካልተነሳ መብራት አይመጣም። ዛሬ አርብ ሰባት ሰዓት ላይ ግን መጣ። ከሟቹ ሌላ እገዳ እንዲያነሳ የተፈቀደለት ስልክ የታናሽ እህቱ የራዚያ ብቻ ነው፤ ከጅዳ ተመልሳ ፕሮግራሙን የሠራችውም እሷ ናት። መንደሩ ፈርዶባት ጨርሷል፣ ፖሊስ ጣቢያውም ሊያስራት ተዘጋጅቷል።

ኢንስፔክተር ስህን መቀመጥ አልሆነላትም። ከሞተሩ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሞተሩ ትመላለሳለች። የችኮላ ፍርድ ደሟን ያፈላዋል።

«ገበሬው ውሃ ሲፈልግ በስልኩ ምን ጽፎ ይልካል?» ስትል ራዚያን ጠየቀቻት።

«የማሳውን ቁጥር ብቻ። ፕሮግራሙ ‹ውሃ ልቀቅ› በሚለው ትእዛዝ ላይ ይቀጥለዋል» አለች ራዚያ።

«ቁጥር መሆኑን ያጣራል?»

ራዚያ አንገቷን ደፋች። «አያጣራም። የተጻፈውን እንዳለ ነው የሚቀጥለው።»

ስህን ያተመችውን መልእክት ዘረጋች። ከገበሬው ከሽታው ስልክ የተላከ ነው። ከማሳ ቁጥሩ ኋላ መለያያ ምልክት፣ ከዚያም እገዳ የሚያነሳ ትእዛዝ አለበት። ኮምፒውተሩ የፕሮግራሙ ትእዛዝ መስሎት ለሁለቱም ታዟል።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም!» አለ ሽታው። «ስልኬ የውሃ አባት ዘንድ ነው የሚውለው። ደሞ ባድሩን በስድስት ሰዓት እዚሁ ሰላም ብዬው ነው ያለፍኩ።»

የውሃ ተራ የሚያድሉት የውሃ አባት፣ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ስህን ፊታቸው ቆመች።

«ራዚያ ቁልፉ በእጇ እያለ በመስኮት አትገባም። ሽታው አይጽፍም። የላከው ሰው የመረጠው ደግሞ የጁምዓ ሰዓትን ነው፤ መግደል የፈለገ ባዶ ቤት አይመርጥም። ባድሩ መስጊድ አለመሄዱን ሁለቱም ያውቃሉ። ያላወቁት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ራዚያ ፕሮግራሙን ስትሠራ ሁለት ትእዛዝ አያይዛ ስትሞክር አጠገቧ ማን ነበር?»

«እሳቸው» አለች ራዚያ በቀስታ።

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ጥገናውን ጨርሶ፣ እገዳውን ማንሳት ረስቶ መስጊድ የሄደ መሰለኝ። የሃያ ሰው ሽንኩርት እየደረቀ እኔን ይረግሙኛል... ጁምዓ ቀርቶ አያውቅም እኮ! ዛሬ ምን አስቀረው?»

«ቀዳዳውን የተውኩት እኔ ነኝ» አለች ራዚያ እያለቀሰች። «ቁጥር ያልሆነውን መመለስ፣ ቁጥሩንም ከትእዛዙ ለይቼ መስጠት ነበረብኝ።» ከዚያ ቀና አለች። «ትናንት ጋሼ ባድሩን ‹ገበሬው በላኝ› አሉት። ‹ጋሼን ነገም ሲሰድቧቸው አላይም፤ አላህ ይቅር ይለኛል› ብሎ ነው ከጁምዓ የቀረው።»

ጋሽ ሙሉጌታ ሁለት እጃቸውን ለስህን ዘረጉ። ስህን ካቴናውን ልታወጣ ብትል እጇ አልታዘዝ አላት።