ሰሚሐ የነቀለችው ሽቦ

ሰሚሐ ሽቦውን በገዛ እጇ ነቀለችው። የዩፒኤሱን ክዳን ከፈተች፣ ጥቁሩን ሽቦ ከአዲሱ ባትሪ ላይ ስባ አወጣችው፣ ክዳኑን መልሳ ገጠመች። ሶኬቱን ስትሰካው ቀይ መብራት በርቶ ይጮህ ጀመር። ያን ጊዜ ስልኳን አንስታ ለኢስሀቅ ደወለች።

«ባትሪው ከተቀየረ ወዲህ ይጮሃል» አለችው።

«ማን ቀየረው?»

«ሙአዊያ።»

«መጣሁ» ብሎ ኢስሀቅ ስልኩን ዘጋው። ችኮላው ሰሚሐን ደስ አሰኛት።

ሰሚሐ ባሕር ዳር ገበያ አጠገብ፣ ከአባቷ ከሐጂ ሙሀመድአወል የጨርቅ መደብር ጎን ፎቶ ቤት አላት። መብራት ድርግም ሲል ኮምፒውተሯ ላይ ያለውን ሥራዋን ከጥፋት የሚያድንላት ይሄ ዩፒኤስ ነው። የሚጠግነው ደግሞ ሁልጊዜ ኢስሀቅ ነበር። ከጣና ማዶ የመጣው የደልጊው ልጅ ሳይጠሩትም «እንዴት ዋለ?» እያለ ብቅ ይላል፤ ለዩፒኤሱ የሚጨነቅ መስሎ! የልቡን ግን አንድም ቀን ተንፍሶ አያውቅም። የወረታው ነጋዴ ሙአዊያ ሽማግሌ መላኩን ሲሰማ ጭራሽ እግሩን ሰበሰበ።

ሙአዊያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ባትሪ ይዞላት መጥቶ ራሱ ቀየረላት። አባቷ ተደሰቱ። ሽማግሌዎቹ መልሳቸውን የሚሰሙት ሽቦውን በነቀለች ማግስት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ሰሚሐ «ላስብበት» ብላለች። የምታስበው ግን ስለ ሙአዊያ አልነበረም።

ኢስሀቅ ፎቶ ቤት እንደደረሰ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ዩፒኤሱ ላይ አቀረቀረ።

«ራሱ ነው የገጠመልሽ?»

«አዎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ።»

«እጅጌውን ሰብስቦ!» አለ በካቻቢቴው ክዳኑን እየፈታ።

ሙአዊያ ባትሪው ላይ የተቀየረበትን ቀን ጽፎበታል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ማማሩ ኢስሀቅን አበገነው። እዚህ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ፣ እሷ አጠገቡ ቆማ ስታይ፣ ሁለቱ ሲሳሳቁ፣ ሁሉም ባይኑ ላይ ሄደበት።

የወለቀውን ሽቦ ወዲያው አየው። ባትሪውን በቴስተር ለካው፤ ሙሉ ነው፣ ጤነኛ ነው። ሽቦውን ወደ ቦታው መግፋት ብቻ ነበር የቀረው።

«ምን አገኘህ?» አለች ሰሚሐ።

ኢስሀቅ ሽቦውን በጣቱ ሸፈነው። «ባትሪው የሞተ ነው።»

«አዲስ እኮ ነው!»

«መጋዘን ሲበሰብስ የከረመ ነው። ወይ ሸውደውታል፣ ወይ እያወቀ ነው ያመጣልሽ።»

የሰሚሐ ልብ መጀመሪያ በደስታ ዘለለ፤ ቀንቷል! ወዲያው ግን ቀዘቀዘ። ይወዳታል፤ ዐይኗን እያየም ይዋሻታል።

«የሞተ ዕቃ ለልጄ?» የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ። ሐጂ ሙሀመድአወል ነበሩ።

ሐጂ የተበላሸ ዕቃ ከሸጠላቸው ሰው ጋር አይጨቃጨቁም። ዕቃውን ሰው በተሰበሰበበት ከፊቱ አስቀምጠው ዝም ይላሉ። ከዚያ ዝምታ በኋላ ገበያው ውስጥ ቀና ብሎ የሄደ ነጋዴ የለም።

«አውጣልኝ» አሉት ኢስሀቅን። «ነገ ከሽማግሌዎቹ ፊት አስቀምጠዋለሁ።»

ኢስሀቅ ባትሪውን አውጥቶ ሰጣቸውና ባዶውን ዩፒኤስ ሌላ ባትሪ ሊፈልግለት ታቅፎ ወጣ። ሰሚሐ እስከ በሩ ተከተለችው።

«ሌላ የምትለኝ የለም?»

ዩፒኤሱን እቅፉ ውስጥ አስተካከለ። «የለም።»

ሰሚሐ ያን ዕለት ሥራ አልሠራችም። ቆርጣለች፤ ነገ እውነቱን ካልተናገረ እሷ ትናገራለች፤ ከዚያ በኋላ ለሙአዊያም እምቢ፣ ለኢስሀቅም እምቢ። ኢስሀቅ ደግሞ ጣና ዳር ተቀምጦ ጀልባ ሲገባ ሲወጣ ያያል። ተቀናቃኙ ሊዋረድለት ነው፤ ምነው ታዲያ ደስ አላለው? ቢናገር ሐጂ ደጃቸውን አያስረግጡትም። ዝም ቢል ያችን ልጅ በምን ዐይኑ ያያታል?

አርብ ሽማግሌዎቹ ሐጂ ቤት ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ የሙአዊያ አጎት ከፊት ናቸው። ሐጂ ባትሪውን ከመሀል አስቀምጠው ዝም አሉ። ሰሚሐ መጋረጃው ጀርባ ቆማ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ከደጅ «አሰላሙ አለይኩም» ተባለ።

ኢስሀቅ ነው፤ ዩፒኤሱን ታቅፏል። ማንንም ሳያስፈቅድ ተንበርክኮ ባትሪውን ገጠመ፣ ዩፒኤሱን ግድግዳው ላይ ሰክቶ የጠረጴዛ መብራት አበራበት፣ ከዚያ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቀለው። መብራቱ አልጠፋም።

«ባትሪው ደህና ነው። ትናንትም ደህና ነበር። ሽቦው ወልቆ እያየሁት ዋሸሁ።»

«ለምን?» አሉ ሐጂ።

«ቀናሁ። ለሰሚሐ ሌላ ሰው ሲጠግንላት ማየት አልቻልሁም። ልጅዎን እወዳታለሁ ሐጂ። ከፈለጉ ከደጅዎ ያባርሩኝ።»

የሙአዊያ አጎት ዩፒኤሱን ጎንበስ ብለው አዩት። «ልጃችን አጥብቆ ነው የገጠመው። ሽቦ በራሱ አይወልቅም።»

መጋረጃው ተገለጠ። በሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ በማትናገርበት ሰዓት ሰሚሐ ተናገረች።

«እኔ ነኝ የነቀልሁት።»

«አንቺ?» አሉ አባቷ። «ስለምን?»

«እሱ እንዲመጣ ብዬ።»

ኢስሀቅ ቀና ብሎ አያት። ዩፒኤሱ በባትሪ ስለሚሠራ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። የሙአዊያ አጎት ተነሡ።

«የልጃችን ስም ነጻ፣ አልሐምዱሊላህ። መልሱንም ሰማን» አሉና ጫማቸውን ፈለጉ።

ሐጂ እንግዶቹን ሸኝተው ተመለሱ። ሁለቱን አፈራርቀው አዩ።

«አንዱ ውሸታም፣ አንዷ ተንኮለኛ። አባትህ ደልጊ ናቸው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«እንግዲያ ምን ገተረህ? ሽማግሌ ይዘው ይምጡ በላቸው።» ይህን ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ኢስሀቅ ከተንበረከከበት አልተነሣም። ካቻቢቴውን አውጥቶ ክዳኑን እንደገና ይፈታ ጀመር።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለች ሰሚሐ።

«ባትሪውን ላወጣው ነው።»

«ደህና ነው አላልህም?»

«ደህና ነው» አለ ኢስሀቅ፣ ቀና ሳይል። «ግን ለሙአዊያ ይመለስለት።»