የሐርመት መቀነት

በሽምጡል ምድር ሕያው ዛፉ ማደጉን ያቆመው በንግሥት ወይዘላ ዘመን ነው። ሕዝቡ በዛፉ አናት ላይ ይኖራል፤ ከሥር ደግሞ የነካውን ሁሉ የሚገድል ሰማያዊ ጉም በየዓመቱ ከፍ ይላል። ዛፉ ጉሙን ቀድሞ ካልረዘመ ዘር አይተርፍም።

ዛፉ በውኃ የተሞሉ ክፍሎች ድርድር ነው። ውኃው ግድግዳውን ሌት ተቀን ይገፋል፤ ግድግዳው ግን ኮምጣጣው ጠል ካልነካው አይላላም። ሲላላ ወደ ጎን እንዳያብጥ ጠምጣሚዎች ወገቡን በቃጫ መቀነት ዙሪያውን ያስሩታል። ያኔ ውኃው መሄጃ ሲያጣ ክፍሉን ወደ ላይ ያረዝመዋል። «ያልታጠቀ ግድግዳ ጠል አይጠጣም!» የሚለው የጠምጣሚዎች መሐላ ነው።

ያንን ጠል ዋርሞ የተባለው አውሬ ሰረቀው።

የጠምጣሚ ልጅ ዜሚት «ጠሉን ሳልይዝ ብመለስ ጉሙ ይዋጠኝ!» ብላ ማለች፤ ከታላቅ ወንድሟ ከሐርመትና ከጓዶቻቸው ጋርም ከጉሙ በላይ ወዳለው የአውሬው ጎሬ ወረደች። አውሬው ጓዶቻቸውን እያኘከ ሳለ እሷ ጠሉን ከጉያው ሥር ወሰደች። ጀግንነት ሲሉት የምንሰማው ይኸው ነው።

ሲመለሱ ጉሙ የታችኛውን በር ነክቶ ነበር። ሐርመት ግድግዳውን ዳሰሰና ደነገጠ።

«ግርማዊት ሆይ፣ በምሥራቅ በኩል መቀነቱ በስብሷል። አስረን እስክንጨርስ ይታገሡን።»

«ጉሙስ ይታገሠኛል?» አለች ንግሥቲቱ። «አፍስሱ!»

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እሷ ያፈሰሰችውን የለቀሙት ግን ሌሎች ናቸው። ግድግዳው በምሥራቅ በኩል እንደ ሞላ አቁማዳ አበጠ፣ የበሰበሰው መቀነት ተበጠሰ፣ የቀሩት ጫፎችም አልገናኝ አሉ። ክፍሉ ከፈነዳ ዛፉ ይወድቃል። ሐርመት መሃል ገብቶ ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«ጫፎቹን በእጅ አንጓዎቼ ላይ ቋጥሪያቸው፣ እቱ።»

«ወንድምዓለም፣ ይገነጣጥልሃል!»

«የአባታችን ቋጠሮ አይፈታም። አጥብቂው!»

እያለቀሰች አጠበቀችው። ውኃው ወደ ጎን መንገድ ሲያጣ ወደ ላይ ገፋ፤ ዛፉም እየጮኸ ከጉሙ በላይ ወጣ። ሕዝቡ እልል አለ። የሐርመት ጩኸት ከእልልታው በላይ ሲሰማ ንግሥቲቱ ከበሮ ጠንክሮ እንዲመታ አዘዘች።

ጠሉ ሲደርቅ ግድግዳው በሐርመት ላይ ጠነከረ፤ ከዚያ በኋላ እሱን ማውጣት ግድግዳውን መቅደድ ሆነ። ዛፉ በጭማቂው እየመገበ በሕይወት አቆየው።

«የምትሺውን ጠይቂኝ» አለቻት ንግሥቲቱ።

«ወንድሜን ልፍታው።»

«ከእሱ በቀር» አለችና የጠምጣሚዎች አለቃ አድርጋ ሾመቻት።

በዓመቱ ጉሙ እንደገና ተነሣ። ዜሚት ጠሉን ይዛ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ወረደች። ሐርመት ዓይኑን ገለጠ።

«እቱ፣ ዘንድሮም?»

መጀመሪያ እንደ መሐላው ቋጠሮውን አጠበቀች፤ ከዚያ ጠሉን አፈሰሰች።