የሕዝቡ ናፍቆት

ድልድዩን ጎርፍ በወሰደው በዓመቱ፥ በክረምቱ መውጫ፥ የከተማዋ መዝገብ ጸሐፊ የወሩን መግለጫ ለአገረ ገዢው አቀረበ፤ «ሕዝቡ በናፍቆት ተይዟል፤ ዓይኑን ከማዶ አይነቅልም፤ እንቅልፍም አጥቷል» ይላል።

ጸሐፊው ስለ ራሱ ሲጠየቅ «እኔ ብዕር ነኝ፤ ብዕር አይከፋውም» ማለት ይወድ ነበር፤ እውነትም ይመስለው ነበር። ሚስቱ ግን ለመውለድ ማዶ እናቷ ቤት እንደ ሄደች ጎርፉ ለያቸው፤ የዙሪያውንም መንገድ ጦርነት ዘጋው። በየቅዳሜው ከገደሉ አፍ ቆማ ሕፃኑን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፤ ይጮኻል፤ ትጮኻለች፤ ወንዙ የሁለቱንም ድምፅ ይውጠዋል። ከሻሿ ቀለም በቀር የሚለየው የለም፤ ልጁ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላወቀም።

አገረ ገዢው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የትኛው ሕዝብ ነው እንቅልፍ ያጣው?»

«የከተማው ነዋ፥ ጌታዬ።»

«እኔ ትናንት ሰርግ ላይ ሲጨፍር ነው ያየሁት! ስማኝ፤ ከቤተ መንግሥት ግንበኞች የሚላኩት በዚህ ቃል ነው። በላይኛው ወረዳም ድልድይ ፈርሶ እህል ማለፊያ አጥቷል። ውጣና ጠይቅ፤ ከዚያ ጻፍ።»

ወጣ። ብረት ቀጥቃጩ መዶሻውን ሳያወርድ ሳቀበት፤

«ማዶ ያለችኝ አማቴ ናት፤ ጋሼ፥ በሞቴ ድልድዩን አታስቸኩልብኝ!»

ጨርቅ ሻጯም፥ «የማዶ ነጋዴ ከቀረ ወዲህ ገበያው የኛ ሆነ፤ ምን ጎደለን?» አለችና ትክ ብላ አየችው። «አንተ ግን ምነው እንዲህ ከሳህ፥ ወንድሜ?»

ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ተመልሶ ብዕሩን ሲያነሣ ሁለቱም ነገር ከፊቱ ነበር፤ የፊተኛውን ቃል ቢደግመው ግንበኞቹ ይመጡ ይሆናል፤ እውነቱን ከጻፈ ግን ድልድዩ ሳይሠራ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ማን ያውቃል? በመጨረሻ፥ «ሕዝቡ ደኅና ነው፤ ድልድዩን ሊጠብቅ ይችላል» ብሎ ጻፈ። ከሥሩም ጨመረ፤ «የሚናፍቅ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ጸሐፊው ነው።»

አገረ ገዢው አንብበው ብዕር አነሡ።

«ልጄ፥ ይህቺን እንኳ ልልካት አልችልም» አሉና የመጨረሻዋን መስመር በገዛ እጃቸው ሰረዟት።

ድልድዩ በስድስተኛው ዓመት ተሠራ። ኋላ የተነሡ ታሪክ ጸሐፊዎች ያን ወረቀት እየጠቀሱ የዚያ ዘመን ሰው ትዕግሥተኛና ደስተኛ እንደ ነበር አስተማሩ፤ አልተሳሳቱም። መንገዱ በተከፈተበት ቀን ግን አንዲት ትንሽ ልጅ የእናቷን እጅ ይዛ ተሻገረች፤ ከወዲህ ቆሞ የሚያለቅሰውንም ሰው አይታ፥ «እማዬ፥ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀች። ይህን የመዘገበው የለም፤ መዝጋቢው በዚያን ቀን ሥራ አልገባም ነበርና።