አራተኛው ድብብቆሽ

ሟቹ ባለጎማ የሥራ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጀርባው በተፈታ አሮጌ ቴሌቪዥን ፊት አንገቱን ደፍቶ ተገኘ። ላየው ሰው ሥራ ላይ ያሸለበ ይመስላል። ሁለት መዳፎቹ ግን ተቃጥለዋል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «እነዚህ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ከሶኬት ተነቅለውም ኤሌክትሪክ ሆዳቸው ውስጥ ያቆያሉ። ነካው፣ መታው፣ አለቀ።»

ኢንስፔክተሯ ጓንቷን አጠለቀች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቅጥነቷ አንድ ነገር ሆኖ፣ የማትገባበት ቀዳዳ ስለሌለም ነው። ጎንበስ ብላ የሟቹን እጆች አየች። በእያንዳንዱ መዳፍ ላይ ጣት የምታህል ቀጥ ያለች የቃጠሎ መስመር ተጋድማለች። ኪሶቹን ፈተሸች። ከቀኙ ቁልፍ፣ ከግራው አንዲት ትንሽ ካሴት ወጣች። ጀርባዋን አነበበችና በማስረጃ ከረጢት አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ስለ ካሴቷ ለማንም አልተናገረችም።

የቆሙበት ምድር ቤት «ድብብቆሽ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ የተሠራበት ድርጅት ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው የሚያልብ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ድብብቆሽን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ተጫዋቹ ጨለማ ቤት ውስጥ የተደበቀች ልጅ ይፈልጋል። የሴት ድምፅ «ኩኩሉ!» ብሎ ይጣራል፤ ከአንዱ ክፍል የልጅቱ ድምፅ «አልነጋም!» ይላል። የጨዋታው ሦስት ክፍል ለገበያ ወጣ፤ በሦስቱም ልጅቱ አልተገኘችም። አራተኛው ሳይወጣ ቀረ፣ ሥዕሉም ዲስኬቱም የት እንደገባ ሳይታወቅ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ኢንስፔክተሯ ራሷ በልጅነቷ ስንት ሌሊት መብራት አብርታ ተኝታለች። አሁንም ያ ድምፅ ከጀርባዋ የሚጣራ እየመሰላት ሁለት ጊዜ ዞር አለች።

ባለፈው ሳምንት ሟቹ፣ የድርጅቱ ዕቃ ጠጋኝ፣ የአራተኛውን ክፍል ሥራ የያዘውን የብረት ሳጥን ከአንድ የተረሳ ቁምሣጥን ጀርባ አገኘው። ዛሬ ጠዋት ይዘቱን ሊያሳያቸው ሦስት ሰዎች ጠርቶ ነበር። ሦስቱም ፎቅ ላይ እየጠበቁ ነው። ሳጥኑ በሁለት የብረት እጀታዎቹ መሀል ክዳኑን ከፍቶ እንጨት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኘውን፣ የአሮጌ ጨዋታዎች ሰብሳቢውን ነው።

«ማንም ሳይቀድመኝ ልይ ብዬ ማለዳ መጣሁ» አለ። «ጋሽ ባለኪሱን እንዲያ ሆኖ ሳየው ፖሊስ ጠራሁ።»

«ባለኪሱ?»

«ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራው። ቴሌቪዥን ከፍቶ ሲሠራ ግራ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ‹በአንድ እጅህ የነካኸው ያቃጥልሃል፣ በሁለት እጅህ የነካኸው ልብህን አቋርጦ ያልፋል› ይል ነበር። እንስቅበት ነበር፣ አፈር ልብላለት።»

«አንተ ሳጥኑን ምን ልታደርገው ነበር?»

«ለዓለም ላሰማው ነዋ! የልጅቱን አዲስ ድምፅ በየስልኩ ጥሪ አድርጎ ሊጭን ያሰፈሰፈው ሰው ብዛቱ! ጋሼ ግን ‹ሥዕሉም ዲስኬቱም ያንተ ይሁን፤ ድምፁን ግን ቆይ› አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ቀጥሎ የጨዋታውን ፕሮግራም የጻፉት ሽማግሌ መጡ። ሁሉም «አለቃ» ይሏቸዋል። ኢንስፔክተሯ ከሳጥኑ ያመጣቻቸውን ዲስኬቶች አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ ሞከሩላት። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«ባዶ። ይኼም ባዶ። ሠላሳ ዓመት ግማሹን ያበላሸዋል እንበል፤ ሁሉንም? አንድ ፊደል እንኳ ሳይተርፍ?»

«አራተኛው ለምን ቀረ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ድምፅ የምትሰጠን ልጅ የድምፅ ባለሙያችን ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ። ቀረጻውን ጨረሰች፣ ታመመች፣ ሄደች። ከዚያ በኋላ ማን ይጫወት? እናቷ አንድም ቀን አልሰማችውም። እኛም ዘጋነው።»

ኢንስፔክተሯ ከሳጥኑ የወጡትን ሥዕሎች ታገላብጥ ጀመር። የጨለማው ቤት ኮሪደር፣ ግማሽ የተከፈተ በር፣ ከበሩ ሥር የምትታይ ትንሽ ጫማ። ሥዕሎቹን ያያዘውን የብረት መቆንጠጫ ስታነሳ ሌላው ተከተለው፤ ያንን ሌላው። እርስ በርስ ተጣብቀው ተንጠለጠሉ። ትኩር ብላ አየቻቸው።

የድምፅ ባለሙያዋን ያነጋገረቻቸው በራሳቸው ክፍል ነው። መደርደሪያው ላይ መቅረጫዎች በአቧራ ተሸፍነው ተደርድረዋል። በሁለት መቅረጫዎች መሀል ግን ጡብ የሚያህል ቦታ ንጹሕ ነው።

«ምድር ቤት መቼ ወረዱ፣ እትዬ?»

«ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ እግሬ አልረገጠውም።»

«ሳጥኑ ሲገኝ ምን አሉ?»

ሴትዮዋ ዝግ ብለው ተናገሩ። «ገበያ መሀል የማላውቀው ሰው ስልክ ይጮህና ልጄ ‹አልነጋም!› ትላለች። ዞር እላለሁ። ይኸው ስንት ዓመት ዞር እያልኩ ነው። የሰው ሙት ያርፋል፤ የኔን ማን አሳረፋት? የፈሩት ይደርሳል፤ ደግሞ አዲስ ድምፅ ተገኘ አሉኝ።»

የኢንስፔክተሯ ዓይን ከመደርደሪያው አልተነሳም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ግን እስኪያድር አልጠብቅም» አለች። «ዕድሜ ልኩን በአንድ እጁ የሠራ ሰው ቴሌቪዥን በሁለት እጁ አይነካም። ታዲያ በሁለት እጅ የሚያዝ ምንድን ነው?» የሳጥኑን እጀታዎች ከላይ በጓንት ያዘች። «የመዳፉ ቃጠሎ ልክ የዚህን ያህል ነው። የገደለው ሳጥኑ ነው።»

«ብረት ብቻውን ሰው ይገድላል?» አለ ሰብሳቢው።

«ኤሌክትሪክ ካልገባበት አይገድልም። አለቃ፣ ዲስኬትን ሁሉ ባንዴ የሚያጠፋ፣ መቆንጠጫን እርስ በርስ የሚያጣብቅ ምንድን ነው?»

«ማግኔት» አሉ ሽማግሌው። ወዲያው ነገሩ ገባቸውና ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጣሉ። «የካሴት ማጥፊያ... በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ድምፅ ክፍል አንድ አለ።»

«ነበረ። ቦታው ከአቧራ ንጹሕ ነው። ዕቃው ሲፈተሽ እዚያው ክፍል፣ ከተሰቀሉ ካፖርቶች ሥር ተጠቅልሎ ተገኘ። ሽቦው ተልጧል። ሳጥኑ ውስጥ ሲቀመጥ የተላጠው ሽቦ ብረቱን ነካ፤ ሳጥኑ በሙሉ ኤሌክትሪክ ሆነ፤ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የያዘው ሰው አይተርፍም። እትዬ፣ የሌላውን እርስዎ ይንገሩን።»

ሴትዮዋ አልካዱም። እንዲያውም ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻቸው ላላ።

«እሱን ልገድል? እንደ ወንድሜ ነበር። ትናንት ማታ ድምፅዋን ላጠፋ ነው የወረድኩት። ጫማዬ ጎማ ነው፤ ምንም አልተሰማኝም። ድንገት ገባ። ‹ተይ!› ብሎ ሮጦ የሳጥኑን እጀታዎች በሁለት እጁ ያዘ። ‹ያንቺ እኮ...› አለኝ። አልጨረሳትም።» ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ፈራሁ። ማጥፊያውን ስነቅለው ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ወደቀ፤ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ገፋሁት። ‹ያንቺ እኮ...› ያለኝ ምን ሊለኝ ይሆን እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ አላሸለብኩም።»

ኢንስፔክተሯ ካሴቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ጀርባዋ ላይ በጠጋኙ እጅ አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ «ለእናቷ»።

«ድምፁን አስቀድሞ ከሳጥኑ አውጥቶት ነበር» አለች። «ለማንም ሊያሰማው አልነበረም። ከግራ ኪሱ ነው ያገኘኋት። ‹ያንቺ እኮ› ያለዎት ይህችኑ ሊሰጥዎት ነው። እኔ አልሰማኋትም፤ ለእኔ አልተቀዳችም።»

ሴትዮዋ ካሴቷን ሊነኩ እጃቸውን ዘርግተው መለሱት። ሰብሳቢው ከማንም ቀድሞ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ አለቃም ተከተሉት።

«ይክፈቱልኝ» አሉ እናትየዋ በመጨረሻ።

ኢንስፔክተሯ ከድምፅ ክፍሉ ባስመጣችው አሮጌ ቴፕ ላይ ካሴቷን ከፈተች፤ ቴፑ ጥቂት ሲያንሾካሹክ ቆየ። ከዚያ የወጣት ሴት ድምፅ «ኩኩሉ!» አለ። እናትየዋ የገዛ ድምፃቸውን ሰምተው ደረታቸውን ያዙ።

«አልነጋም!»

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» ልጅቱ ሳቋን አፍናዋለች።

ወጣቷ እናት ሦስተኛ ጊዜ ተጣራች። ዝም። የእግር ኮቴ ሮጠ፣ በር ተዘጋ፤ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ማዶ የመጣ በሚመስል ድምፅ ልጅቱ መለሰች።

«ነጋ! ነጋ እማ! ነይ ፈልጊኝ!»

ካሴቷ ጠቅ ብላ ቆመች። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ጠጋ ሲል ኢንስፔክተሯ ክንዱን ይዛ አስቆመችው። ምንም ሳትናገር ካሴቷን ወደ ኋላ መለሰችና እንደገና ከፈተችላቸው።