የዳለቻ እርሾ

ያን ቀን ጠዋት ዳለቻ የተባለው መኪና የረዳት መካኒኩን የያዮን ሁለት ጣቶች በኮፈኑ ሲቆርጥ፣ ጋራዡ ውስጥ ያን ያህል የደነገጠ ሰው አልነበረም። ያዮ ራሱ እንኳ አንድ ጊዜ «ዋይ!» ብሎ ጮኸና፣ ጣቶቹን ከወለሉ ለቃቅሞ በጨርቅ ጠቀለላቸው፤ ከዚያ እየተራገመ ወደ መስፊያ ክፍል ሄደ። መስፊያ ማሽኑ ጣት ለመመለስ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። በዶቢ ከተማ፣ በጨው ሜዳው ላይ መኪና የሚያሽቀዳድም ጋራዥ ሁሉ መስፊያ ክፍል አለው። ምን ይደረግ፣ መኪኖቹ ይናከሳሉ!

የሚያናክሳቸው አብራጁ ነው። አብራጅ ማለት ድሮ ሞተር እንዳይግል ራዲያተር ውስጥ ይጨመር የነበረው ውሃ የልጅ ልጅ ነው፤ ልዩነቱ ሕይወት ያለው መሆኑ ነው። ከሞተሩ ተነስቶ እስከ መሪው፣ እስከ ፍሬኑ፣ እስከ ኮፈኑ ማጠፊያ ድረስ በቱቦ ይዞራል። ሲዞር ይማራል፤ የተማረውን ደግሞ ያደርገዋል። ደህና አብራጅ ያለው መኪና ኩርባውን ከሾፌሩ ቀድሞ ያውቀዋል። ዳለቻ ግን የተማረው ሌላ ነገር ነበር። ከሐምሌ ወዲህ ሁለት ሾፌሮች ገድሏል፤ አንዱን በወንበሩ ቀበቶ አንቆ፣ ሌላውን ከጨው ግድግዳ ጋር አላትሞ።

ሦስተኛው ሾፌር አንዳርጌ ነው፤ ውድድሩም ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ታላቅ እህቱ ትርንጎ የጋራዡ ዋና መካኒክ ናት። እናትና አባታቸው ባንድ ዓመት ሲሞቱ እሷ አስራ ስድስት፣ እሱ አራት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ሳምንቱን ሙሉ «አትነዳም ብዬሃለሁ!» ብላ ብትጮህበት፣ «ፈሪ ተብዬ በየት በኩል ልሂድ እቴቴ?» ብሎ እምቢ አላት። ግትርነቱ ከማን እንደመጣ አይጠየቅም።

የያዮን ደም ከኮፈኑ ላይ ስትጠርግ ግን አንድ ነገር ከነከናት። አብራጁን የቀየሩት ትናንት ነው። የትናንት ፈሳሽ ይህን ሁሉ ቂም ከየት አመጣው?

«እርሾው!» አለች፣ ግንባሯን በመዳፏ መትታ።

የዶቢ መካኒኮች አብራጅ ሲቀይሩ ከአሮጌው አንድ ብርጭቆ ያህል ሞተሩ ሆድ ውስጥ ያስቀራሉ። «ያለ እርሾ ምን ይቦካል?» ይላሉ። የፋብሪካው መመሪያ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ ይላል፤ ማን ሰምቶት! ዳለቻ ሰባት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሰባቱንም ጊዜ በእርሾ። ቁጣው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲጋባ ኖሯል ማለት ነው።

«ጠብታ አላስቀርለትም» አለች ለአንዳርጌ። «ክሪኩን አምጣ።»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ፤ የጋለ ራዲያተር የሚከፍት መካኒክ ፊቱን የጠላ ነው። ከዚያ መኪናውን በክሪክ አንስተው ትርንጎ ሥሩ ገባች። የራዲያተሩን የታች ቡሎን ስትፈታ ወይን ጠጅ የመሰለው አብራጅ ወደ ሳህኑ ተንዠቀዠቀ። ዳለቻ ዝም አለ፤ ይህን ለምዶታል። ቁልፏ እርሾው የተደበቀበትን የሞተሩን የጎን ቡሎን ሲነካ ግን ማንም ሳያስነሳው ተነሳ።

ጎማዎቹ ባየር ላይ ተሽከረከሩ። ክሪኩ ተንሸራተተ። ሁለት ኩንታል ብረት ትከሻዋ ላይ ተጫነና አጥንቷ ሲሰበር ሰማችው። አንዳርጌ እግሯን ይዞ ሲጎትታት፣ «ተወኝ! ማርቴሎውን ስጠኝ!» ብላ ጮኸችበት። ሰጣት። በደህና እጇ የቁልፉን ጫፍ ደበደበችው። ሞተሩ ያለ ማቀዝቀዣ እየጋለ ሄዶ የቀረችውን ፈሳሽ አፈላት፤ ቡሎኑ ሲፈናጠር የፈላው እርሾ አንገቷን ላጠው።

«ውጣ! ውጣ አንተ የውሻ ልጅ!»

ወጣ። ሞተሩ አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ። አንዳርጌ ጎትቶ አወጣት። ሲበርድ የተጣራ ውሃ ሞልተው አፈሰሱት፤ እንደገና ሞልተው አፈሰሱት፤ በሦስተኛው ኩልል ያለ ውሃ ወረደ።

የመኪናው ባለቤት አቶ ይርዳው የገባው ይሄኔ ነው። ባዶውን ሞተርና የተጥለቀለቀውን ወለል አየና ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«እርሾውን ደፋሽው? የሚያሸንፍልኝ እኮ ቁጣው ነው!»

«ወንድሜን ሊገድል?»

«ይሙታ! ሾፌር ሞልቷል!»

ብረት አንስቶ ጎኗን አላት። አንዳርጌ ዘሎ አፉን በቡጢ ሲለው ሁለት ጥርሱ ረገፈ። ትርንጎ ደግሞ በማርቴሎ ጉልበቱን አለችው። ሰውየው ወደቀ። በወደቀም አልተውትም፤ እሱ ረገጠው፣ እሷም ረገጠችው፤ «በቃችሁ፣ በፈጠራችሁ!» እያለ ሲለምን እንኳ ጥቂት ጨመሩለት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏቸው ነበር።

ትርንጎ ደም ባጨቀየው እጇ አዲሱን ጀሪካን አንስታ ቀስ አድርጋ ሞላች። እየሞላችም ሰውየውን ትራገመው ነበር። አንዳርጌ አየሩ እንዲወጣ ቱቦውን እየጨመቀ ረዳት። የመጨረሻዋ አረፋ ስትወጣ ክዳኑን አጠበቁ።

ዳለቻ ነቃ፤ ለስለስ ብሎ። አንዳርጌ ኮፈኑን ዳበሰው፣ አልነከሰውም።

«ጠቦት ሆነልህ!» አለችው። ተቃቅፈው ሳቁ፤ እሷ ከነሕመሟ።

ይህን ጊዜ አቶ ይርዳው በክርኑ ተደግፎ ሊነሳ ሞከረ። ዳለቻ ተወረወረ። የሰውየውን እግር ከግድግዳው ጋር ሲያጣብቀው ድምፁ የደረቀ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። ወደ ኋላ ሸሸና ለሁለተኛው ተዘጋጀ፤ አሁን ያነጣጠረው ጭንቅላቱን ነው። ትርንጎ ሳታስብ መሃል ገባች። መኪናው እሷን ሲያይ ቀጥ አለ። በክሪክ አንስተውት ሥሩ ገብታ ቡሎኑን ስትፈታም ንቅንቅ አላለም፤ እንደምትታለብ ላም ጸጥ ብሎ አፈሰሰላት። ከጠዋቱ ነገር ሁሉ ይበልጥ ያስፈራት ይሄ ነው። ለእሷ ብሎ ነበር የተናከሰው።

ያዮ ጣቶቹን አስፍቶ ሲመለስ ሰውየውን በጋሪ ወደ መስፊያ ክፍል ገፍቶ አስገባው። ቀጥሎ ባዶውን ጀሪካን አንስቶ በጎኑ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። ዓመታት ሙሉ የከፈቱት ጀሪካን ነው፤ አንብቦት የሚያውቅ ግን የለም።

«ስሙማ» አለ። «አብራጁ ሲሞላ የሚሞላውን ሰው እጅ ያጠናል፤ ንዴት የሌለበት ሰው ይሙላው፣ ይላል።»

ሁለቱም ወደ ያዮ ዞሩ።

«እኔን እንዳታዩኝ!» አለ ያዮ። «ጣቴን የበላውን መኪና በመዶሻ ብፈጨው ነው የምወደው።»

አንድ ጀሪካን ቀርቷል። ከሜዳው ድምፅ ማጉያው ሾፌሮችን ይጠራል፤ ተመልካቹ ደግሞ «ግጨው! ግጨው!» እያለ ይዘፍናል። ከዚያ መሃል ንዴት የሌለበት ሰው ጠርቶ ማስሞላት የማይታሰብ ነው።

«እኔ ልሙላው» አለ አንዳርጌ፣ ጀሪካኑን አንስቶ። የጣቶቹ አንጓዎች በሰውየው ጥርስ ተልጠው ይደማሉ።

«አንተማ አትሞላውም! ስጠኝ!» ብላ ትርንጎ እጇን ሰነዘረች።

አንዳርጌ ጀሪካኑን ለቀቀው፤ በሁለት ክንዶቹ ፊቱን ሸፈነ።

የሃያ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ነው። ሞት ተቀምጦበት በሚጠብቀው መኪና ውስጥ ሊገባ ቅድም ሲያፏጭ የነበረ ሰው ነው። ትርንጎ እጇ አየር ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

«ምን ሆነሃል? ልመታህ እኮ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ክንዶቹን እያወረደ። አፍሯል። «ክንዴ ነው። ራሱ ነው የሚነሳው።»

ቀበቶው ትዝ አላት፤ ማማሰያው፤ ወተት ደፋህ ብላ ደጅ የቆለፈችበት ቀን። ያኔ አስራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ በሞቱት ወላጆቿ፣ በዘመድ፣ በዓለም ሁሉ ተናዳ ነበር፤ አጠገቧ የነበረው ደግሞ እሱ ብቻ። ያን እጅ ቀና ብሎ የሚያየው አንድ ሕፃን። ልቧ በደረቷ ውስጥ ክፉኛ አመማት፤ የተሰበረው ትከሻዋ ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

ጡሩምባው ተነፋና ሌሎቹ መኪኖች እያጓሩ ወጡ። ዳለቻ ሆዱ ባዶ ሆኖ ክሪክ ላይ ቀረ። አንዳርጌ የራስ ቁሩን መሬት አስቀምጦ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ትርንጎም አጠገቡ ተቀመጠች፣ እንዳትነካው ራቅ ብላ።

«ይቅር በለኝ» አለችው።

እያሾፈ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቃት።

«ለየትኛው እቴቴ?»