ከላይ የተያዘው ሣጥን

«ሣጥን ወድቆበት ነው የሞተው» አለ የመጋዘኑ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ፣ ሬሳውን ላለማየት ፊቱን አዙሮ።

«ዝሆን» እያሉ የሚጠሩት ጫኝ ወታደር፣ የጥይት ሣጥን ራሱን ፈጥፍጦት ከመደርደሪያው ሥር ተዘርሯል። ለምርመራ የተላከችው ሻምበል ግን ዓይኗን ከሣጥኑ አልነቀለችም። ክዳኑ ላይ በተኛው አቧራ የሁለት እጅ ጣቶች ታትመዋል፤ ከላይ ቁልቁል ጨብጦ ያነሳው ሰው አለ።

«አብሮት ተረኛ የነበረው ማነው?»

«ሦስታችን ብቻ። እኔ፣ ይሄ ቀልደኛና ዐሥር አለቃው።»

ዐሥር አለቃው የሟች እህት ባል ነው። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል፣ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እጅህን ምን ሆነህ ነው?»

«ጅማቴ ነው፣ ሻምበል። ማንኪያ እንኳ አላነሳም። ሐኪሙ አሰናብቶኝ ነገ ቤቴ ልገባ ነበር።»

«እዚህ ክርኑን የማያመው ማን አለ?» አለ ቀልደኛው። «እኛ እኮ ጠላት ቢማርከን እጃችን ወደ ላይ አይነሳልንም!»

«እስቲ አንድ ሣጥን አንሱልኝ» አለቻቸው። ቀልደኛው መዳፉን ከሥር ልኮ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ አነሳ። ሃምሳ አለቃውም እንዲሁ። ዐሥር አለቃው ፋሻውን አሳያት።

ሐኪሙ ስትጠይቀው ተከዘ። «ይሄ የክርን ጅማት ሕመም በወታደር ዘንድ ሞልቷል፤ ጫኞቹማ አንድም አልቀረ። እንዳሰናብት የተፈቀደልኝ ግን አንድ ሰው ነው። አብዝቶ የጮኸውን መረጥኩ። ሕመም በዓይን አይታይም።»

ማምሻውን የካምፑ አዛዥ ሻለቃው ባሉበት ሁሉንም ሰበሰበች።

«ክርኑ የታመመ ሰው መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ከባድ ነገር ማንሳት አይችልም። ስለዚህ እዚህ ሁሉም ከሥር ማቀፍ ለምዷል። ገዳዩ ግን ከላይ ነው የጨበጠው። ጤነኛ ነው።»

ይህን እያለች ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የነበረውን ውሃ የሞላ ጀሪካን ገፋችው። ዐሥር አለቃው ዘሎ በታሰረው እጁ ከላይ ቀለበው።

«ማንኪያ የማያነሳው እጅህ አሁንም ከላይ ጨብጦታል» አለችው።

ጀሪካኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ዝሆን ደርሶብኝ ነበር። ‹እውነቱን ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። የሚሄደው አንድ ሰው ነው፤ ልጄን አንድ ቀን አላየኋትም። ደጅ ደጁን እያየች የምትጠብቀኝ እህቱ ናት።»

ወሰዱት። ሻለቃው ተነሱ።

«ጥሩ ሠርተሻል፣ ሻምበል። ለካ ሁሉም ማስመሰል ነው! ከዛሬ ጀምሮ ፋሻም ስንብትም የለም።»

«ጌታዬ፣ እነዚህ የእውነት ታመዋል!»

«በምን አውቃለሁ?»

ሐኪሙ አቀረቀረ። ሻምበሏ ገዳዩን ባታገኘው ይሻል ነበር ብላ አዘነች።

«በደረቁ ጦስ እርጥቡ ነደደ» አለ ቀልደኛው፤ አልሳቀም። ደጅ የጭነት መኪና ይጠብቃል። ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከሣጥኑ ሥር ላከ።